አምስተኛው መሳቢያ

አባቴ ለመሥሪያ ክፍሉ የሠራው ቁም ሳጥን ጥልቀቱ አንድ ክንድ ነው። አራተኛው መሳቢያ ግን የሰው ቁመት ያህል ይረዝማል። ሲስቡት ክፍሉን አቋርጦ ይወጣል፤ ሲገፉት ሙሉ በሙሉ ይገባል።

ቁም ሳጥኑ የጭቃ ግድግዳ ላይ ተደግፏል። ከግድግዳው ወዲያ የጎረቤታችን የእትዬ የሻረግ የጎመን መደብ አለ። አባቴ መሳቢያውን እየገፋ፣ እኔን ዞሬ እንዳይ ላከኝ። በዚያ በኩል የወጣ ነገር አልነበረም። እትዬ የሻረግ ጎመናቸው መሃል ቆመው ምን እንደምፈልግ ጠየቁኝ። ነገርኳቸው። ግድግዳውን በመዳፋቸው ዳበስ ዳበስ አደረጉት።

«ለአባትሽ ንገሪው» አሉኝ፤ «ጎመኔ ላይ ብቅ ካለ ፈልጬ ነው የማነደው።»

መሳቢያው ለምን እንደረዘመ አባቴ ገብቶታል። እሱ መሳቢያ ሲሠራ በሜትር አይለካም። ቀጭን ዘንግ በክፍተቱ ያስገባና የሚቆምበት ላይ በቢላ ይጭራል። ስፋቱም፣ ከፍታውም፣ ጥልቀቱም በአንድ ዘንግ ላይ፣ ከግርጌው ጀምሮ ይጫራል። ከዚያ በየጎኑ የጥፍር ውፍረት ያህል ቀንሶ ጣውላውን ይቆርጣል፤ እንጨት በክረምት ያብጣልና። በመጨረሻ የመሳቢያውን ጎንና ጎን በሻማ ማሸት የእናቴ ሥራ ነበር። ሻማ ያልነካው መሳቢያ ሲጥ ሲጥ ይላል፣ መሃል ላይም ይይዛል።

እናቴ ሐምሌ ውስጥ ሞተች። የሬሳ ሳጥኗን የሠራው አባቴ ነው፤ የለካትም በዘንግ ነው። በእኛ ሰፈር ሬሳ የተለካበት እንጨት ተሰብሮ ከሳጥኑ ጋር ይቀበራል። የዚያን ዕለት ዝናቡ ስለበረታ ሰው ሁሉ ተቻኮለ፤ ዘንጉ ከበሩ ኋላ እንደቆመ ቀረ። አባቴ ደህና እንጨት አይጥልም። ቁም ሳጥኑን ሲጀምር ያንኑ ዘንግ አነሳ። ሦስቱን መሳቢያዎች በልካቸው ሠራ። አራተኛው ላይ የጥልቀቱን ጭረት ስቶ የእናቴን ጭረት ያዘ። ጣውላው እንደረዘመ ሲቆርጥ አይቷል። ግን ጭረቱን አመነ።

ያን መሳቢያ ማንም ሻማ አልቀባውም። ሦስቱ በእርጥበቱ አብጠው ሲይዙ እሱ ብቻ በአንድ ጣት ይከፈት ነበር።

አባቴ መሮዎቹን አስገባበት። በማግስቱ ስንከፍተው ከትልቅ ወደ ትንሽ ተደርድረው፣ ስለታቸው በጨርቅ ተጠቅልሎ አገኘናቸው። እናቴ እንደዚያ ነበር የምታስቀምጣቸው፤ እጄን እንዳይቆርጡኝ ብላ። አባቴም ምሳውን ግማሽ በልቶ ሳህኑን መሳቢያው ውስጥ አስቀመጠ። ሳህኑ ታጥቦ፣ ተደፍቶ ወጣ። ከዚያ ወዲህ ምሳውን ያካፍል ጀመር። ቀበቶው ላይም አዲስ ቀዳዳ በሳ።

አንድ ቀን ጠራኝና ሰጋቱራው ላይ በጀርባው ተጋደመ። ዘንጉን አጠገቡ አስተኝቼ አናቱ የሚደርስበት ላይ እንድጭር ነገረኝ። ጫርኩ። እየተነሳ አስረዳኝ። እናቴን በቁመት ስለሚበልጣት አራተኛው ያጥረዋል። ስለዚህ ከእሱ ሥር አምስተኛ ይሠራል።

«አባባ፣ መሳቢያ እኮ ከውስጥ አይዘጋም» አልኩት።

«አንቺ ትገፊዋለሽ።»

«ከዚያስ እኔ?»

ከልብሱ ላይ ሰጋቱራውን አራገፈ።

«እትዬ የሻረግ አሉ» አለኝ። «ጎመን አያሳጡሽም።»

እትዬ የሻረግ ጥሩ ሰው ናቸው። ግን አባቴ አይደሉም። እሱ ጣውላ ሊያመጣ ሲወጣ ዘንጉን ከግርጌው በኩል በመጋዝ ቆረጥኩት። ቁራጩን እሳት ውስጥ ከተትኩት። አዲሱ ጫፍ ነጭ ሆኖ ስለታየኝ ጭቃ ቀባሁት። ምን ያህል እንደምቆርጥ አልለካሁም። እሱን የማይበቃው ይሁን ብቻ ብዬ ነው።

አባቴ ስፋቱንና ከፍታውን ከአራተኛው ላይ ወሰደ፤ ለርዝመቱ ግን አሁንም ጭረቱን አመነ። መሳቢያው ሲያልቅ ጫማውን አውልቆ ገባ። እግሩ ወደ ውጭ ተረፈ። በጎኑ ሞከረ፣ ጉልበቱን ሰብስቦም ሞከረ፤ ያኔ ደግሞ ጉልበቱ ከመሳቢያው አፍ በላይ ወጣ። ተነሳና ዘንጉን አገላብጦ አየው። ጭቃውን በአውራ ጣቱ ፈቀፈቀው። ይቆጣል ብዬ ነበር፤ አልተቆጣም።

«እስቲ እዚህ ቁሚ» አለኝ።

ቆምኩ። ዘንጉን ከተረከዜ አስነስቶ ጀርባዬ ላይ አስደገፈው። የእሱ ጭረት ልክ አናቴ ላይ ነበር።

አባቴ ጭረቱን ብዙ አየው። ከዚያ ዘንጉን በጉልበቱ ሰበረው። ስብርባሪውን ይዘን፣ እትዬ የሻረግንም ጨምረን ወደ ቤተ ክርስቲያን ሄድን፤ በእናቴ መቃብር ራስጌ ቆፍረን ቀበርነው። እትዬ የሻረግ አፈሩን በእግራቸው እየጠቀጠቁ፣ ዘግይቷል እንጂ ደግ አደረጋችሁ አሉን።

ስንመለስ አምስተኛው መሳቢያ ክፍት ነበር። ውስጡ ሰጋቱራ አልቀረም፤ ተጠርጓል። በራስጌው በኩል ከቤት ትቼው የሄድኩት ነጠላዬ እንደ ትራስ ታጥፎ ተቀምጧል።

አባቴ ነጠላውን አንስቶ ሰጠኝ። መሳቢያውን ዘጋውና ፊቱን ከቁም ሳጥኑ ጋር በምስማር መታው። እኔ ከምስማር ጣሳው ረጃጅሞቹን እየመረጥኩ አቀበልኩት። ሲጨርስ በሁለት እጁ ይዞ ሳበው። አልተነቃነቀም።

ምሳችንን እዚያው በላን። አባቴ ለአራተኛው መሳቢያ ምንም አላስቀረም። ድርሻውን ሁሉ ሲበላ ካየሁት ቆይቷል፤ ደስ አለኝ። ሳንጨርስ ከምስማሮቹ ኋላ ድምፅ ተሰማ። ሻማ እንጨት ላይ ሲታሽ የሚያሰማው ድምፅ ነው፤ ሁለታችንም እናውቀዋለን። አባቴ ማኘኩን አቆመ። ድምፁ አይቸኩልም። ከፊት ወደ ኋላ፣ ከኋላ ወደ ፊት ይሄዳል። አንዱን ጎን ስትጨርስ ትንሽ ዝም አለች፤ ከዚያ ወደ ሌላው ጎን ዞረች።