የቀኙ የኋላ መብራት

ክረምቱ ክፉ ነበር። ዝናቡ ቶሎ ገባ፤ ቶሎ አልወጣም። ወንዙ ድልድዩን ይዞ ሄደ። ከባድ መኪና ወደ ከተማዋ መግባት አቆመ፤ የገባውም መውጫ አጣ። ጋራዦች አንድ በአንድ ተዘጉ። የደጃፉ ጭቃ ደረቀ ሲባል መልሶ ይረጥባል። ሳል የያዘው ሰው ሳሉ አልለቀቀውም። የመኪና ኤሌክትሪክ ሠራተኛው ከነዚህ አንዱ ነበር። ክረምቱን ሙሉ አንድ የጭነት መኪና ብቻ ሠራ፤ ከዚያ ተኛ። መንገዱ በተከፈተ በሳምንቱ ሞተ።

አሁን ቤቱ በለቀስተኛ ተሞልቷል። ወንበሩ ከየጎረቤቱ የተሰበሰበ ነው፤ አንዱ ከፍ፣ አንዱ ዝቅ ይላል። ሴት ልጁ ከእናቷ ጎን ተቀምጣ የሚገባውን ሁሉ ትጨብጣለች። እሷም የአባቷን ሙያ ይዛለች፤ የምትሠራው ግን አውቶቡስ ጋራዥ ነው። እዚያ ፊውዝ ይሏታል። ቶሎ ትቃጠላለች ብለው ነው።

የቡናው ፔርሙዝ አለቀ። ልትሞላው ወደ ጓዳ ገባች። የጓዳው መስኮት ወደ ግቢው ነው። ከሥሩ ወንዶች ቆመው ያወራሉ። ድምፃቸውን ቀንሰዋል። ጎሚስታው ግን ዕድሜውን ሙሉ ኮምፕሬሰር አጠገብ ጎማ ሲነፋ ስለኖረ የሚቀነስ ድምፅ የለውም።

«ሙት ወቃሽ አያድርገኝ» ይላል፣ «ግን እጁ ከድቶት ነበር። ይኸው ሾፌሩ ይናገር። የክረምቱን ሥራ የሠራው ለእሱ ነው።»

«ፍሬን ስረግጥ የቀኝ ፍሬቻ ይበራል» አለ ሾፌሩ። «ቀኝ ሳሳይ ደግሞ የፍሬኑ ቀይ ነው የሚያብለጨልጨው። ዛሬ ጠዋት ቁልቁለቱ ላይ አንድ ሚኒባስ ሊገባብኝ ለጥቂት ነው። እኔ ፍሬን ይዣለሁ፤ እሱ ወደ ቀኝ የምታጠፍ መስሎት በግራዬ ይወጣል። ከፊት ለፊት ደግሞ አህያ።»

«አህያው ተረፈ?»

«አህያውማ ከሁላችን የተረጋጋ እሱ ነበር።»

ሳቅ ሊያመልጣቸው ሲል ለቅሶ ቤት መሆናቸው ትዝ አላቸው።

«ቀልዱን ተዉት» አለ ጎሚስታው። «ከክረምቱ በፊት የሠራቸው መኪኖች አሉ። ታክሲዎቹ አሉ። የተማሪዎቹ አውቶቡስ አለ። ሰው ሳይሞት ለባለቤቶቹ ይነገራቸው። የዘረጋው ሽቦ ከሥሩ ይነቀል።»

«ማን አፍ አውጥቶ ይነግራቸዋል?»

«ልጁ አለች አይደል። ሙያዋም ነው።»

ፊውዝ ባዶውን ፔርሙዝ ይዛ ቆመች። ጎሚስታው ክፉ ሰው አልነበረም፤ ያለውም ትክክል ነው። አባቷ በመጨረሻው ዓመት እጁ ከድቶት ከሆነ፣ ከነጥቁር ልብሷ በየደጁ ዞራ «የአባቴን ሥራ ንቀሉ» ማለት ያለባት እሷ ናት። አውቶቡሱ ውስጥ ልጆች ይጫናሉ። ፔርሙዙን አስቀምጣ በጓሮ በር ወጣች።

«መኪናው የት ነው የቆመው?»

ወንዶቹ ዞር አሉ። ጎሚስታው ጉሮሮውን ጠረገ።

«ልጄ፣ ይደርሳል። መጀመሪያ ሀዘኑ ይውጣ።»

«አውቶቡሱ ነገ ጠዋት ተማሪ ይጭናል» አለች። ወደ ሾፌሩ ዞረች። «ከአባቴ በኋላ ሌላ ሰው ነክቶታል?»

ሾፌሩ ጫማውን አየ።

«ማንም አልነካውም እህቴ።»

የአባቷ ሱቅ ከግቢው በር ጎን ያለች የቆርቆሮ ክፍል ናት። ቁልፉ ከበሩ መቃን በላይ እንደተሰካ ነው። ከፍታ ገባች። ፒንሳው፣ ካቻቢቴው፣ ናስትሮው፣ ሽቦ የተቀጠለበት መሞከሪያ አምፖል፣ ሁሉም በየምስማሩ ተሰቅሏል። አሥራ ሰባት ዓመቷ ላይ ከወጣች ወዲህ አልገባችባትም።

ከዚያ በፊት ከትምህርት ቤት መልስ ውሎዋ እዚያ ነበር። አባቷ ወሬ አያበዛም። ሽቦ መላጥ አስተማራት፤ መጠምዘዝ አስተማራት። በአምፖል ሳይሞክር አንድ ሽቦ ከአንድ አያገናኝም። አገናኝቶ ሲጨርስ በናስትሮ ይጠቀልለዋል፤ በላዩ ላይ ጥቁር የስፌት ክር ይቋጥራል። ለምን ሲሉት «ናስትሮው በሙቀት እንዳይላቀቅ» ይላል። የሰፈሩ ሰው በዚህ የተነሳ «ቋጠሮ» ብሎ ሰየመው። እሱም ስሙን አልጠላውም።

አንድ ቀን ሱቋ በደንበኛ ተጨናንቃ ሳለ፣ አባቷ ከአንድ ታክሲ ሥር ተንበርክኮ «ይኸው ቀዩ፣ ያዢው» አላት።

«አባዬ፣ ይሄ እኮ ቀዩ አይደለም» አለችው። «አረንጓዴው ነው።»

አንዱ ደንበኛ ሳቀ። አባቷ ፒንሳውን መሬት ላይ አስቀመጠ። ድምፁን ከፍ አላደረገም።

«ከነገ ጀምሮ እዚህ እንዳላይሽ» አላት።

ምክንያቱን አልነገራትም። ሰው ፊት ስላረመችው ነው አለች። ሴት ስለሆነች ነው አለች። ሲከፋት ደግሞ ሙያው አይገባትም ብሎ ነው አለች። አውቶቡስ ጋራዥ ገብታ ተማረች። በየሳምንቱ እየመጣች ትጠይቀዋለች። ስለ ዝናብ ያወራሉ፤ ስለ ጤና ያወራሉ። ስለ ሽቦ አንድም ቀን አላወሩም።

መሞከሪያውንና ፒንሳውን ይዛ ወጣች።

የጭነት መኪናው አሮጌ ነው። የጋቢናው አንዱ በር ሰማያዊ፣ ሌላው ነጭ ነው። ሾፌሩን ጋቢና አስገብታ ከኋላ ቆመች።

«ርገጥ።»

በግራ ቀይ በራ። በቀኝ ቢጫ።

«ቀኝ አሳይ።»

የቀኙ ቀይ ያብለጨልጭ ጀመር። ቢጫው ጨለማ ነው።

መጀመሪያ የጠረጠረችው ማሳውን፣ የኤሌክትሪኩን መመለሻ ሽቦ ነበር። ወደ መኪናው ብረት፣ ወደ ሻንሲው የሚመለሰው ሽቦ ከዛገ፣ ኤሌክትሪኩ መመለሻ ሲያጣ ያላሰቡት መብራት ውስጥ ይገባል። በአሮጌ መኪና የተለመደ ነው። ቡሎኑን ፈታች፤ ዝገቱን ፋቀች፤ መልሳ አሰረች። ለውጥ የለም። ሌላ ሽቦ ከሻንሲው በቀጥታ አምጥታ ሞከረች። ያው ነው። ማሳው ደህና ነው።

የግራውን መብራት ከፈተች። ለፍሬን የመጣው ቀይ ሽቦ፣ ለፍሬቻ የመጣው አረንጓዴ። ወደ ቀኙ ሄዳ በአምፖሏ ሞከረች። የፍሬኑ በአረንጓዴው መጣ። የፍሬቻው በቀዩ።

ደግማ ሞከረች። ያው።

«ምን ሆነ?» አለ ጎሚስታው።

«ፍሬኑ በግራ በቀይ ነው የመጣው። በቀኝ በአረንጓዴ።»

«ጤነኛ እጅ እንዲህ ይሠራል?»

በእሷ ጋራዥ እንዲህ የሠራ ሰው ለምሳ ሳይደርስ ይሰናበታል። ታክሲዎቹ በሐሳቧ መጡባት። አውቶቡሱ መጣባት። ጎንበስ ብላ ሽቦውን ስትከተል ከመብራቱ አንድ ክንድ ያህል ወዲህ መጋጠሚያ አገኘች። በፌስታል ነው የተጠቀለለው።

አባቷ ናስትሮ ቢያልቅበት ሥራውን አቁሞ ገበያ ይሄዳል። በፌስታል አይጠቀልልም።

«ሾፌር» አለች። «ይሄን ማን ቀጠለው?»

ሾፌሩ ከጋቢናው ወርዶ መጣ። ማጅራቱን አከከ።

«አንድ ግድግዳ ነክቶኝ ነበር።»

«ግድግዳው ካለበት ተነስቶ መጣ?» አለ ጎሚስታው።

«ወደ ኋላ ስሄድ ነው። መብራቱ ተሰበረ፤ አዲስ ገዛሁ። ቋጠሮ ታሞ ተኝቷል፤ ምን ብዬ ልቀስቅሰው? የግራውን ከፍቼ አየሁ። እሱን እያየሁ ቀይን ለፍሬን፣ አረንጓዴን ለፍሬቻ ቀጠልኩ። ሕፃን ልጅስ ቢሆን እንዲህ አያደርግም?»

«ታዲያ ማንም አልነካውም ለምን አልክ?»

«አፈርኩ። ከዚያ ደግሞ እሱ ሞተ።»

ፊውዝ ጭቃው ላይ በጀርባዋ ተኝታ ከሥር ገባች። ከፌስታሉ አለፍ ብሎ የአባቷ እጅ ይጀምራል። ናስትሮው ልቅም ብሎ ተጠቅልሏል፤ ጥቁሩ ክር በላዩ አለ። በጣቷ ዳሰሰችው። አረንጓዴው ላይ አንድ ቋጠሮ ነው። ቀዩ ላይ ሦስት።

ተንፏቃ ወደ ግራ ሄደች። እዚያ አንዱ ቋጠሮ ያለው ቀዩ ላይ ነው። አረንጓዴው ላይ ሁለት። ወጥታ፣ ጋቢናው ውስጥ ከፍሬን መርገጫው በላይ እጇን ሰደደች። ከዚያ የሚነሳው ሽቦ ሰማያዊ ነው። አንድ ቋጠሮ።

በሁሉም ቦታ አንድ ፍሬን ነው። ሁለት የግራ ፍሬቻ፣ ሦስት የቀኝ። ቀለሙ ያገኘው ሁሉ ነው፤ ቋጠሮው ግን አንድም ቦታ አልተሳሳተም። በትኩሳት፣ በሳል፣ በዚያ ዝናብ ውስጥ የሠራው ሥራ ነው። አንድም ቦታ አልተሳሳተም።

መሪው ሥር እንደተንበረከከች ቀረች። «ይሄ እኮ ቀዩ አይደለም» ያለችው ድምፅ ከሩቅ መጣባት። የዚያ ቀን የአባቷን ፊት አየችው። ስንት ዓመት ቁጣ ነው ስትል ኖራለች። ቁጣ አልነበረም። ፍርሃት ነበር።

ወረደች። ጎሚስታውና ሾፌሩ ይጠብቃሉ።

«እጁ አልከዳውም» አለች። «በቋጠሮ ነው የሚለየው። የፍሬኑ አንድ ቋጠሮ አለው፤ የትም ብትሄዱ አንድ ነው። ሌላ ሰው ያልነካቸው መኪኖች ሁሉ ደህና ናቸው።»

ጎሚስታው በጉልበቱ በርከክ አለ። ሰውነቱ ከባድ ነው፤ አቃሰተ። በአውራ ጣቱ ክሩን ዳሰሰ፣ ወደ ሌላው ሄዶ ዳሰሰ።

«ለናስትሮው ነው ሲለኝ አመንኩት» አለ። «ጎረቤቱ ነኝ ብዬ።»

«ለሁላችንም ያለን እንደዚያ ነው።»

«ምነው እንደ ሰው በቀለም ቢያደርገው?» አለ ሾፌሩ።

ፊውዝ የእጇን ጭቃ ቀሚሷ ላይ ጠረገች።

«ቀለም ጭቃ ይሸፍነዋል» አለች። «ቋጠሮ በጨለማም ይዳሰሳል።»

«እውነት ነው» አለ ሾፌሩ። ራሱን ነቀነቀ። «አዋቂ ነበር።»

ጎሚስታው ተነስቶ ሱሪውን አራገፈ። «አውቶቡሱ ጋ ሄጄ የእሱን ሾፌር ፍሬን ላስረግጠው። ዓይኔ አይቶ ይመለስ። ምናምን ያወራበት አፌ ነው፤ እግሬ ይካሰው።» ሄደ።

እሷ ፌስታሉን ቀዳ ጣለች። ሽቦዎቹን ለየች፤ አረንጓዴውን ለፍሬን፣ ቀዩን ለፍሬቻ ሰጠች። ሾፌሩ የመብራቱን ክዳን ይዞላት ቆሟል። ደመናው ወርዶ ቀኑ ሳይመሽ ጠቁሯል።

እናቷ በግቢው በር ወጣች። ከኋላዋ ሴቶች «ወዴት ነው? ነይ ተቀመጪ እንጂ» ይላሉ። «እግሬ ደነዘዘ» አለቻቸው። መጥታ መኪናውን አየች፤ የልጇን ጀርባ፣ ጭቃውን አየች።

«ማን ይረግጥልሻል?»

«ሾፌሩ መብራቱን ይዞልኛል።»

«እኔ አለሁ። ለአባትሽስ ማን ነበር የሚረግጥለት?»

ቀሚሷን ሰብስባ፣ በሩን በሁለት እጇ ይዛ ወጣች። ጋቢናው ውስጥ ተስተካክላ ተቀመጠች።

«ርገጪ እማዬ።»

በግራ ቀይ፣ በቀኝ ቀይ።

«በራ። ግራ።»

በግራ ቢጫ ብልጭ ድርግም አለ።

«ቀኝ።»

በቀኝ ቢጫ።

«ፍሬኑን ድገሚልኝ።»

ሁለቱም ቀይ። ጭቃው ላይ፣ ግድግዳው ላይ ቀይ ሆነ። ሾፌሩ ትንፋሹን ለቀቀ።

«ደህና ነው። ልቀቂ።»

ቀዩ አልጠፋም።

«እማዬ፣ ልቀቂ።»

አልጠፋም። ፊውዝ ወደ ፊት ሄደች። እናቷ እጇን መሪው ላይ አድርጋ ፊት ለፊት ታያለች። እግሯ ፍሬኑ ላይ ነው። ፊውዝ በሩ ላይ ቆማ ድምፅዋን ዝቅ አደረገች።

«አባዬ ቀለም አይለይም ነበር?»

«ማን ነገረሽ?»

«ሽቦው።»

እናቷ አልዞረችም።

«ቀይና አረንጓዴ አንድ ነበሩበት» አለች። «ከገበያ ጥሬ ቲማቲም ለቅሞ ይመጣል። እንዲቆይልሽ ብዬ ነው ይለኛል። አዎ ይቆያል እለዋለሁ። ለእኔም በአፉ የነገረኝ ከተጋባን ስንት ጊዜ በኋላ ነው። ቢሰማ ማን መኪናውን ይሰጠው ነበር?»

«እኔ እናገርበት ነበር?»

«ያን ቀን ማታ እህል አልቀመሰም። ‹የሷ ዓይን ደህና ነው፤ እኔ ጋ ከቆየች በቋጠሮ ተምራ ትቀራለች፤ ሄዳ በቀለም ትማር› አለኝ። እውነቱን ነው። መፍራቱም እውነት ነው። ‹ይቅርታ ጠይቂልኝ› አለኝ። ‹አፍ የለህም? ራስህ ጠይቃት› አልኩት። ‹ዛሬ ሳትሄድ እነግራታለሁ› ይላል። ትመጫለሽ፤ ስለ ዝናብ ታወራላችሁ። ትሄጃለሽ። በሚቀጥለውም እንደዚያ ነው።»

ሾፌሩ ከኋላ የመብራቱን ክዳን እያሰረ ነው። ካቻቢቴው ይሰማል።

«ሲደክም ጠራኝ» አለች እናቷ። «‹ይሄ ዕዳ አብሮኝ አይቀበር› አለኝ። ‹አጥፍቻለሁ በይልኝ። እጇ ከእጄ ይበልጣል፤ አውቄያለሁ በይልኝ› አለ። ይኸው ብያለሁ።»

ፊውዝ ጭቃ የነካውን እጇን በእናቷ ጉልበት ላይ አሳረፈች። እናቷ እጇን አየችው፤ አላነሳችውም።

ከዚያ እግሯን ከፍሬኑ አነሳች። ከኋላ፣ ግድግዳው ላይ የነበረው ቀይ ጠፋ።