የአገርነሽ ኮሽም

አገርነሽ ጣና አጠገብ ባለው ግሽ አባይ ሰፈር ጓሮዋ የተከለቻት የኮሽም ዛፍ አሥራ ሁለት ዓመት ሙሉ አንዲት ፍሬ አልሰጠችም። እሾኋ ብቻ ነበር የሚያድገው። አገርነሽ ግን ውኃ አልነፈገቻትም፤ ግትር ሴት ናት፣ ግትርነቷም ለሰፈርተኛው መሳቂያ ነበር።

የነፍስ አባቷ መምሬ ተክለ ጊዮርጊስ ዘጌ ስላደጉ ኮሽም ያውቃሉ። "ይቺ ሴቷ ናት፤ ወንዱ አቅራቢያዋ ከሌለ አታፈራም" ብለዋት ነበር። ወንድ ችግኝ ሊያመጡላት ቃል በገቡ ሰሞን፣ በ1970 ዓ.ም.፣ ልጇን ቢያዝንን ከዘጌ ሲመለስ ወታደሮች ደጃፏ ላይ ያዙት። ኪሶቹን ኮሽም ሞልቶላት ነበር የመጣው። አንድ እፍኝ እጇ ላይ አደረገላት፤ የቀረውን እንደያዘ ከሌሎች ወጣቶች ጋር መኪና ላይ ጫኑት። የችግኙም ነገር በዚያው ቀረ።

ከዚያ ወዲህ ሞቷል ያላት የለም፣ አለ ያላትም የለም። መምሬ በየዓመቱ "ስመ ክርስትናውን ንገሪኝና ፍትሐት ላድርስለት" ይሏታል። እሷ እምቢ ትላለች። በሕይወት ያለ ልጇን እንደ ሙት ካስፈታችው በገዛ አፏ የገደለችው ይመስላታል። ጥቁር አልለበሰችም፤ አልጋውንም ቅዳሜ ቅዳሜ ታነጥፍለታለች።

ልጇ በተወሰደ በሰባተኛው ዓመት ኮሽሟ አፈራች። አንድ ማለዳ ውኃ ልታጠጣ ብትወጣ ቅርንጫፎቹ በቢጫ ፍሬ ጎብጠዋል። ደስ ሊላት ሲገባ የመምሬ ቃል ትዝ አላት። ወንዱ የት ነው?

ያን ቀን የጎረቤቱን አጥር ሁሉ ዞረች። ጌሾ አለ፣ ሎሚ አለ፣ ዘይቱን አለ፤ ኮሽም የለም።

"ማፍራቷ አይበቃም?" አለቻት ጎረቤቷ የብርጓል እየሳቀች። "ደግሞ ባሏን ምን ልታደርጊው ነው?"

አገርነሽ አልሳቀችም። ያላየችው አንድ ቦታ ብቻ ቀርቷል፤ ጣና ዳር ያለው፣ ወታደሮች ትተውት የሄዱት ባለሽቦ ግቢ። አጥሩ ከወደቀ ቆይቷል፣ ሣሩ ወገብ ይደርሳል፤ ከብት ግን አይገባበትም። እረኞቹ ቢነዱትም ይመለሳል ይባላል።

በጠራራ ፀሐይ ገባች። ሐይቁ ሃያ እርምጃ አይርቅም፤ የማዕበሉ ድምፅ ግን አይሰማም። የራሷን ትንፋሽ ብቻ እየሰማች ወደ ጓሮው ዞረች።

ኮሽሞቹ እዚያ ነበሩ። ማንም አልተከላቸውም፤ ግን በአንድ መስመር፣ ጎን ለጎን፣ ክንድ ክንድ ተራርቀው በቅለዋል። አራቱ ፍሬ ይዘዋል። ጫፍ ላይ ያለው ግን ቅጠል ብቻ ነው። ወንዱ እሱ ነበር።

አምስት ናቸው። ደጋግማ ቆጠረች፤ አምስት። ያኔ ገባት። ቢያዝን ብቻውን መብላት አይሆንለትም፤ ኪሱ ውስጥ የቀረውን አብረውት ለተጫኑት አካፍሏቸዋል። ፍሬው አብሯቸው አፈር ገብቶ በቅሏል። ሰባት ዓመት የታመቀው እንባ እዚያው ሣሩ ላይ ወጣላት።

ሳይመሽ መምሬ ቤት ደረሰች።

"ስሙን አመጣሁልዎ አባቴ። ገብረ መስቀል ይበሉት።"

መምሬ አማተቡ። "እግዚአብሔር ያጥናሽ ልጄ። ፍትሐቱን ነገውኑ አደርሳለሁ።"

"ትንሽ ይቆዩኝ። ብቻውን አይደለም፤ አራት ሌሎች አብረውት አሉ።"

"እነማን ናቸው?"

"አላወቅኋቸውም። እናቶቻቸው ዛሬም በር በሩን እያዩ ይሆናል" አለች አገርነሽ ነጠላዋን እያጣፋች። "ልፈልጋቸው ነው። አንድ በአንድ እነግራቸውና ስም ይዤልዎ እመጣለሁ።"