ከነልጆቿ

«ልጅ የለኝም በይ፤ ከገባሽ በኋላ አንድ በአንድ ታስገቢያቸዋለሽ» አላት የቤት ደላላው።

«ልጆቼ ኮንትሮባንድ ናቸው እንዴ?» ብላ ሩት አፈጠጠችበት። ከአዳማ የመጣችው ቂሊንጦ ፋብሪካ ልትሠራ እንጂ ልጆቿን ልትደብቅ አይደለም።

ሦስቱንም ከፊቷ እየነዳች ቤት ማየት ጀመረች። ሁለት አከራዮች ልጆቹን ሲያዩ «ተከራይቷል» ብለው በር ዘጉ። ደላላው «አላልኩሽም?» ቢላትም ሦስተኛውን ቤት ራሷ አንኳኳች።

አከራይዋ እማማ ዳሲቱ ግቢው ሙሉ ሸራ ዘርግተው በርበሬ አስጥተዋል። ልጆቹን ከላይ እስከ ታች አዩና ጎንበስ ብለው የሸራውን ጫፍ ያዙ።

«ምን ይገትርሻል? በዚያ በኩል ያዢና እናንሳው እንጂ! ልጆቹ የት ሊሮጡ ነው?»

ሩት ክፍሉን ገና አላየችውም። ወደ ደላላው ዞር ብላ ግን «በቃ፣ እዚህ ነን» አለችው።