ሰዓቱ የጠፋበት ካሴት

ቀጀላ ኮምፒውተሩን ሲሰድብ ጎረቤት ይሰማል። ከቃሊቲ መናኸሪያ ጀርባ ባለችው የቪዲዮ ቤቱ ውስጥ ሰርግና ክርስትና ሲያቀናብር ነው የኖረው። ደንበኛ በመጣ ቁጥርም ከሰላምታው በፊት እርግማኑ ይቀድማል። የዚያን ቀንም ዳሲቱ የገፋ ሆዷን ይዛ ስትገባ ያው ነበር።

"ደግሞ እዚያው ላይ ቆመ?" አለችው።

"እዚያችው ላይ! ታይምኮድ ኤረር። አፉን የፈታው በዚህ ነው መሰለኝ፣ ሌላ ቃል አያውቅም!"

ነገሩ እንዲህ ነው። ካሜራ ሲቀርጽ ከምስሉ ጋር ታይምኮድ የሚሉትን የራሱን ሰዓት ካሴቱ ላይ ይጽፋል። የማቀናበሪያው ፕሮግራምም ካሴቱን ወደ ኮምፒውተር ሲገለብጥ ያንን ሰዓት እየተከተለ ነው የሚሄደው። በዳሲቱ የሰርግ ካሴት ላይ ግን ሰዓቱ መሃል ላይ ይጠፋበታል፤ ያኔ እንደ ደነበረ በቅሎ ቀጥ ይላል። ቀጥ የሚለው ደግሞ የት መሰላችሁ? አባቷ ኦቦ ለሜሳ ከዳሱ ሲወጡ!

ኦቦ ለሜሳ ልጃቸው የመረጠችውን ባል አልወደዱትም ነበር። ሙሽሮቹ ጉልበት ሊስሙ ጎንበስ ሲሉ በትራቸውን አነሱና በሰው ሁሉ ፊት ወጥተው ሄዱ። አጎቷ ተተክተው መረቁ። አባትና ልጅ እንደተኮራረፉ ዓመት ሳይሞላ አባት ሞቱ። አሁን ዳሲቱ የመጀመሪያ ልጇን ልትወልድ ደርሳለች፤ እንቅልፍ የነሳትም ይኸው ነው። "አባቷ ያልመረቃት ሴት ልጇን በምን አፏ ትመርቃለች?" ትላለች። ምርቃቱንስ ከሞተ ሰው ከየት ታመጣዋለች? የተቆጣ ፊታቸውን እንኳ ለልጇ ላስቀር ብላ ነው ካሴቱን ያመጣችው።

ቀጀላ በቀላሉ የሚለቅ ሰው አይደለም። ኢንተርኔት ቤት እየተመላለሰ ለፕሮግራሙ ባለቤቶች ጻፈላቸው። መጀመሪያ "ኮምፒውተርዎን አጥፍተው ያብሩት" አሉት። አጠፋ፣ አበራ። ቀጥሎ "ፕሮግራሙን እንደ አዲስ ይጫኑት" አሉት። ጫነ። በመጨረሻ የመጣው መልስ ግን ደሙን አፈላው፤ እየተረጎመ አነበበላት።

"'ከዚያ ወዲያ ካሴቱ ባዶ ነው። ጉዳይዎን ዘግተናል። በአገልግሎታችን ምን ያህል ረክተዋል?' ይላሉ እኮ! ካሴቱን በዓይናቸው ሳያዩ!"

"ሰርጌን የቀረጸው ስቱዲዮም ባዶ ነው ብሎ ነው ቆርጦ የሰጠኝ" አለች ዳሲቱ። "ካሜራማኑን እንዳልጠይቅ ደቡብ አፍሪካ ገብቷል። ተወው በቃ፣ ወንድሜ።"

"አልተውም! ባዶ ከሆነ ባዶውን አየዋለሁ!"

ፕሮግራሙን ዘጋ፤ ካሜራውን ከቴሌቪዥኑ ጋር አገናኘና ካሴቱን አጫወተ። እልህ ነው እንጂ ተስፋ አልነበረውም። ኦቦ ለሜሳ ወጡ። ከኋላቸው የዳሲቱ ፊት ታየ፤ ወዲያው ስክሪኑ ሰማያዊ ሆነ። ሰማያዊው አላልቅ አለ። ዳሲቱ ነጠላዋን አስተካክላ ለመሄድ ስትነሳ ሰማያዊው ብን ብሎ ጠፋ፤ ጥግ ላይ ሰዓቱ ከዜሮ ጀመረ። ኦቦ ለሜሳ ከጓሮ፣ ከከብቶቹ በረት አጠገብ፣ ብቻቸውን ቆመው ታዩ።

"አባባ፣ ያሳየሁዎት አልቆ ነበር እኮ። ባዶውን ነው ሲያዩ የቆዩት" ይላል የካሜራማኑ ድምፅ።

"ባዶ አይደለም" አሉ ሽማግሌው በኦሮምኛ። "ፊቷን ነው ሳይ የቆየሁት። ጀርባዬን ሰጥቻት ስወጣ እንዲያ መሆኗን መቼ አየሁ?"

ቀጀላ በድንጋጤ አፉን ያዘ። ገባው! ካሜራማኑ ተከትሏቸው ወጥቶ፣ ካሴቱን ወደ ኋላ አጠንጥኖ የዳሱን ነገር አሳይቷቸዋል። ምስሉ አልቆ ካሴቱ ወደ ባዶው ሲያልፍም እሳቸው ዓይናቸውን አልነቀሉም፤ ካሜራማኑም አፍሮ አላቋረጣቸውም፤ በኋላ ቀረጻውን የቀጠለው ካሴቱ ከደረሰበት ነው። ፕሮግራሙ ስህተት ያለው፣ ባለቤቶቹም ባዶ ነው ብለው የዘጉት ያ ሁሉ ሰማያዊ፣ አንድ አባት ዝም ብሎ የቆመበት ጊዜ ነበር። የፈጣሪ ያለህ! ቀጀላ ዕድሜውን ሙሉ ስንቱን ባዶ ቆርጦ እንደጣለ አሰበ።

"ሰው ሁሉ እያየኝ ጥዬ ወጥቻለሁ፤ ተመልሼ መግባት አይሆንልኝም" አሉ ኦቦ ለሜሳ። "አንተ አድርስልኝ። ዳሲቱ፣ ይህን ስትሰሚ ነይ። እኔ ቤት ነኝ።"

"አልሰማሁም ነበር እኮ!" ብላ ጮኸች ዳሲቱ። "አባዬ፣ ምነው! አልሰማሁም ነበር!" ወንበሩ ላይ ዘፍ አለች። ቀጀላ የቴሌቪዥኑን ድምፅ ከፍ አደረገላት።

ሽማግሌው እጃቸውን ዘረጉ። "ሆራ፣ ቡላ" ብለው በኦሮሞ ወግ መረቁ። "ተባዙ፣ ሰንብቱ። ቤትሽ ይሙላ። እንግዳ አይለይሽ። ያዘንኩብሽ ሁሉ ከዚህ በረት ወዲያ አይሻገር። አሜን በይ።"

ከዚያ ሌንሱን እያዩ ጠበቁ። ቀጀላ ሳያውቀው ከመቀመጫው ተነስቶ፣ ኮፍያውን በእጁ ይዞ ቆሟል። ዳሲቱ እንባዋን በነጠላዋ ጫፍ ጠረገች፤ ሁለት እጇን ሆዷ ላይ አደረገች።

"አሜን" አለች።

ኦቦ ለሜሳ ራሳቸውን ነቀነቁና የሚወለዱትን ልጆች መመረቅ ጀመሩ።