ሚዛኑን የያዘው ታምቡር

ደወሉ የተሰነጠቀው ኮንሰርቱ ሊጀመር ስድስት ሰዓት ሲቀረው ነው። ከሌላ ከተማ በውሰት የመጣ ትልቅ ደወል ነበር፤ ተሸካሚዎቹ የአዳራሹን ደረጃ ሲወጡ ከእጃቸው አመለጠና ተንከባሎ ወረደ። የኦርኬስትራው ደወል መቺ ቢሞክረው እንደ ነቃ ገንቦ ቷ ብሎ ቀረ።

የሙዚቃው ደራሲ ክው አለች። አርባ ስድስት ዓመቷ ነው፤ ጠዋት ትምህርት ቤት ፒያኖ ታስተምራለች፣ ከሰዓት በኋላ ምግብ ጠረጴዛዋ ላይ ኖታ ትጽፋለች። ሙሉ ኦርኬስትራ ሥራዋን ሲጫወትላት ይህ የመጀመሪያዋ ነው። አራት ዓመት የለፋችበት ሙዚቃ ደግሞ መጨረሻው ላይ ሚዛኑን የሚይዘው በዚያ ደወል ነው።

"በቃ፣ ደወሉን እንዝለለው" አለ የኦርኬስትራው መሪ።

"እሱን ከምትዘሉ እኔን ዝለሉኝ!" አለችና መቺውን ክንዱን ይዛ ወጣች።

መቺውን ባልደረቦቹ "ነጎድጓድ" ይሉታል፤ ሲያወራ ድምፁ ስለማይሰማ። "ወዴት ነው?" አለ በሹክሹክታ።

"ወንድሜ ጋ። ብረት የሞላው እሱ ዘንድ ነው።"

ታላቅ ወንድሟ መካኒክ ነው፤ ጋራዡም ከአዳራሹ ጀርባ፣ ሁለት መንገድ ተሻግሮ። ከመኪና ሥር በጀርባው ተንሸራትቶ ሲወጣ፣ "ጋሼ፣ የሚዘፍን ብረት ስጠኝ!" አለችው።

"እዚህ ዝም የሚል ብረት አይተሽ ታውቂያለሽ?"

ጋራዡ ቀውጢ ሆነ። ቸርኬ፣ ባሌስትራ፣ የጭስ ማውጫ፣ የነጎድጓድ መዶሻ ያላረፈበት ብረት አልነበረም። እሷ ጆሮዋን እያስጠጋች "ይሄ ጉንፋን ይዞታል!" "ይሄ ደግሞ ገና አፉን ሳይከፍት ይዘጋል!" ትላለች። ወንድሟ የሞተር ሕመም ከበር ላይ ቆሞ በጆሮው የሚያውቅ ሰው ነው። ሥራውን ጥሎ መጣ።

"ቆይ፣ የምትፈልጊው እንዲህ ነው?" ብሎ በጉሮሮው አንጎራጎረላት።

"እሱን ነው!"

"እንግዲያው ታምቡር ነው። የፍሬን ታምቡር።"

የፍሬን ሸራ ሊቀየርለት በክሪክ ተነሥቶ ከቆመ የጭነት መኪና ጎማ ሥር የፈታውን ከባድ ክብ ታምቡር በገመድ ከማገሩ ላይ አንጠለጠለው። ነጎድጓድ አንዴ መታው። ድምፁ ጣሪያውን ዞረ፤ አለቀ ሲሉት ቀና ይላል፣ አለቀ ሲሉት ቀና ይላል። ደራሲዋ እንደ ሕፃን ዘለለች።

"እሱ ነው! እሱ ነው!"

"እሱማ የኔ ነው!" አለ ከኋላ አንድ ድምፅ። ጥግ ላይ ተቀምጠው ሸራው እስኪቀየር የሚጠብቁት ሽማግሌ ሹፌር ነበሩ።

"አባቴ፣ ለዛሬ ብቻ ያውሱኝ። ለሙዚቃ ነው።"

ሹፌሩ ወደ መካኒኩ ዞሩ። "እህትህ ደህና ናት?"

"ከልጅነቷም እንዲሁ ናት።"

"እስቲ ድገመው" አሉት ነጎድጓድን። ሲደግመው ኮፍያቸውን አወለቁ። "ሃያ ዓመት ስነዳው እንዲህ መናገር እንደሚችል አላውቅም ነበር። ይሁን። ግን ያለ እኔ የትም አይሄድም።"

አራቱም ተጋግዘው ተሸከሙት።

ከቀኑ በአሥር ሰዓት አዳራሹ ጢም አለ። ሹፌሩ ግሪስ የነካውን ሱሪያቸውን እንደለበሱ ፊተኛው ረድፍ ላይ ነበሩ። መጨረሻው ሲደርስ ቫዮሊኖቹ ቀጥነው ቀጥነው እንደ ክር ሆኑ፤ ያኔ ታምቡሩ ከሥራቸው ተነሣ። ደራሲዋ ወንበሯን ጨምድዳ ይዛ ትስቃለች፣ እንባዋም ይወርዳል። አራት ዓመት በሐሳቧ ብቻ የሰማችው ነገር ወንበሩን ሁሉ እያንቀጠቀጠ ነው! ሰው ብድግ አለ። ወንድሟ ሁለት ጣቱን አፉ ውስጥ ከቶ አፏጨ።

ኮሪደሩ ላይ መሪው እቅፍ አድርጎ ሲስማት፣ ሹፌሩ ተራቸውን ጠብቀው ቀረቡ።

"ልጄ፣ ግሩም ነው። ግን ልጁ ታምቡሩን አሥራ አንድ ጊዜ መታውና ተወው። እኔ አንዷን ስጠብቅ ትንፋሼን እንደያዝኩ ቀረሁ።"

"እዚያ ላይ ዝምታው ነው፣ አባቴ፤ ሆን ብዬ ነው" ብላ ጀመረችና አቋረጠች። ዓይኗን ጨፍና ከመጀመሪያው ቆጠረች። ስትገልጠው ፊቷ በርቶ ነበር።

"እስክሪብቶ አለዎት?"

ሹፌሩ ከደረት ኪሳቸው አውጥተው ሰጧት። ኖታውን ግድግዳው ላይ አስደግፋ አሥራ ሁለተኛዋን ጻፈች።

"ነገ ሁለተኛው ኮንሰርት አለ" አለች። "ይመጣሉ?"

"ነገማ ጭነት አለብኝ" አሉ። ትንሽ አሰቡ፣ ስልካቸውን አወጡና አለቃቸው ጋ ደወሉ። "አለቃዬ፣ መኪናው ነገም አይወጣም። ምን ላድርግ? ፍሬን የለውም።"