ገልብጠው

መሳይ ያን ዕለት ጠዋት ሥራ ሲገባ እያፏጨ ነበር። እኔን የሚያናድደኝ እሱ ነው። ሰው ክፉ ቀን ሊገጥመው ሲል ልቡ ትንሽ ቢነግረው ምን ነበረበት?

የሚሠራው አዳማ፣ ከመናኸሪያው ጀርባ፣ ከስምጥ ሸለቆ ገበሬዎች ቲማቲምና ሽንኩርት እየሰበሰበ በሚያከፋፍል ድርጅት ውስጥ ነው። የድርጅቱ ሪፖርት ክላውድ በሚሉት የኢንተርኔት ማከማቻ ላይ ነው የሚቀመጠው፤ እሱን የሚጠብቀው መሳይ ነው። የቦርዱ አባላት የትኛው ጣቢያ ምን ያህል እንደሰበሰበ፣ ምን ያህሉ እንደተበላሸበት ከዚያ ላይ ከፍተው በቀለም ያያሉ። አረንጓዴ የሆነ እሰየው፤ ቀይ የሆነ ወዮለት።

ቡልቡላ ቀይ ነበረች። ጣቢያውን የምትመራው ጋዲሴ ናት፤ የገበሬው የኦቦ ኦሊቃ ልጅ፣ መሳይ ከፋሲካ በኋላ ወደ አባቷ ሽማግሌ ሊልክ ያሰበላት። ቡልቡላ ቀይ የሆነችው ደግሞ በጋዲሴ ጥፋት እንዳይመስላችሁ። የድርጅቱ መኪና መቂ ላይ ተሰብሮ ቆመና የጫነው ቲማቲም ፀሐይ ላይ ቀለጠ። ሣጥኑ ላይ የተጻፈው «ቡልቡላ» ነዋ! ሪፖርቱም ጥፋቱን ለቡልቡላ ጻፈላት።

መሳይና ጋዲሴ በስልክ እየተደዋወሉ፣ መንገድ ላይ የተበላሸውን ጣቢያ ላይ ከተበላሸው እየለዩ፣ ብዙ ሳምንት ለፍተው አዲስ ሪፖርት ሠሩ። ስሙን «ሙከራ» አሉት። እዚያ ላይ ቡልቡላ አረንጓዴ ስትሆን ጋዲሴ በስልክ እልልታዋን አቀለጠችው። ቦርዱ የሚያየው ግን «ዋናው» የሚባለውን ነው። ያን ጠዋት ቦርዱ አንድ ሆቴል ተሰብስቦ ቡልቡላ ትዘጋ ወይስ ትቆይ ሊወስን ነው። ከዚያ በፊት የሙከራው ይዘት ዋናው ላይ መግባት አለበት።

ይህ ደግሞ በኤፒአይ ነው የሚሠራው፤ ትዕዛዙን በፕሮግራም ጽፈህ ለክላውዱ ትልካለህ፣ እሱ ይፈጽማል። ከላይ የሚለወጠው ሪፖርት መለያ ይገባል፣ ከታች ይዘቱ የሚወሰድበት። መለያ ስላችሁ ስም አይደለም፤ ፊደልና ቁጥር የተዘበራረቀበት ዓይን የሚያፈዝ ነገር ነው። መሳይ በትክክል ጻፈው። በትክክል! ግን ፈራ። ፎቶ አንስቶ ሥራውን ላስተማሩት አለቃው ለወይዘሮ ዘርፉ በቴሌግራም ላከላቸው።

«እትዬ ዘርፉ፣ ልክ ነው? ልላከው?»

ወይዘሮ ዘርፉ በባጃጅ ወደ ስብሰባው እየከነፉ ነበር። አንዲት ቃል ጽፈው መለሱለት።

«ገልብጠው።»

መሳይ ክው አለ። አገለባብጬ ጽፌው ኖሯል፤ እትዬ ባያዩልኝ ጉዴ ፈልቶ ነበር አለ። የላዩን መለያ ወደ ታች፣ የታቹን ወደ ላይ አደረገና ላከው። ክላውዱ ምን ቸገረው፣ «ተሳክቷል» አለ።

«ተመስገን» አለ መሳይ። አይ የኔ ጌታ!

ዋናውን ከፈተ፤ ቡልቡላ ቀይ ናት። ሙከራውን ከፈተ፤ ቀይ። አሮጌው አዲሱን ውጦት ቁጭ ብሏል። ያ ሁሉ ልፋት የነበረው እዚያ ብቻ ነው፤ ሌላ ቅጂ አላስቀመጠም። ባጃጅ ይዞ ወደ ሆቴሉ በረረ።

ሲደርስ የቡልቡላ ቀይ ግድግዳው ላይ በርቷል። ወይዘሮ ዘርፉ ቆመው «የተስተካከለ አለ፣ አሁን ይመጣል» እያሉ ይለምናሉ። ሲያዩት ፊታቸው በራ።

«ገለበጥከው?»

«ገለበጥኩት እትዬ፤ እንዳሉኝ የላዩን ወደ ታች፣ የታቹን…»

«ወይ ጉዴ! ገልብጠው ስልህ ኮፒ አድርገው ማለቴ ነው እኮ! ከሙከራው ወደ ዋናው!»

ከቦርዱ አንዱ ሳቀ። ሰብሳቢው አቶ ሰብስቤ ግን አልሳቁም። መሳይ ስለ መቂው መኪና፣ ስለ ሣጥኑ ጽሑፍ ለማስረዳት ታገለ፤ ጅብ ከሄደ ውሻ ጮኸ። ሰብሳቢው እስኪጨርስ ሰሙትና «ልጄ፣ የተስተካከለውን አሳየን» አሉት በለሰለሰ ድምፅ። ምን ያሳያቸው? «ጊዜ ስጡኝ፣ እንደገና እሠራዋለሁ» አለ። «ለቡልቡላ ጊዜ ስንሰጥ ነው የኖርነው» አሉ ሰብሳቢው። ከወይዘሮ ዘርፉ በቀር ሁሉም እጁን አወጣ። ቡልቡላ ተዘጋች። ቲማቲም ሊጭን የሄደው መኪና ደግሞ ሣጥኖቹን ባዷቸውን ይዞ እንዲመለስ ለሹፌሩ ተደወለለት፤ ሣጥን ለወለንጪቲ ጣቢያ ያስፈልጋል ተባለ።

መሳይ ሆቴሉ ደጃፍ ላይ ቆሞ ወደ ቡልቡላ ደወለ። አፉን ሳይከፍት ጋዲሴ ቀደመችው።

«አካም ጅርታ መሳዬ! ሆነልን? ገበሬው በጠዋት ለቅሞ ጨርሷል፣ ሣጥኑ ሞልቶ መኪና እየጠበቅን ነው። የአባዬም አለበት፤ የዘንድሮ የመጀመሪያው ነው።»

ነገራት። ምንም ሳይደብቅ፣ ያቺን ቃል ጭምር ነገራት። ብትሰድበው ይሻለው ነበር።

«በእኛም በኦሮምኛ ያው ነው» አለች። «ገረገልቺ። ኮፒ አድርግም ነው፣ ላዩን ታች አድርግም ነው። እኔም ብሆን እሳሳት ነበር።»

ይቅርታዋ አንጀቱን በላው። «ጋዲዬ፣ እኔ ራሴ ሌላ መኪና ፈልጌ…»

ቃሉን ሳይጨርስ በስልኩ ውስጥ የመኪና ጥሩምባ ተሰማ። ከኋላዋ ገበሬዎቹ መጣ መጣ ለማለት «ዱፌ! ዱፌ!» እያሉ ጮኹ፤ አንዱ አጨበጨበ። ጋዲሴ ስልኩን አልዘጋችውም። ሹፌሩ ስለ ሣጥኑ አንድ ነገር አላት፣ እሷም ጠየቀችው፣ መልሶ ያንኑ አላት። ጭብጨባው ቆመ።

ከዚያ ጋዲሴ ጮክ ብላ ለጫኞቹ «ገረገልቻ!» አለቻቸው፤ ገልብጡት።

ማንም አልተንቀሳቀሰም። ቆይቶ የኦቦ ኦሊቃ ድምፅ ተሰማ፤ ከእኔ ሣጥን ጀምሩ አሉ። ቲማቲሙ መሬት ላይ ሲዘረገፍ መሳይ ስልኩን ከጆሮው ማንሳት አቃተው። እዚያ ቃሉን የተሳሳተ ሰው አልነበረም።