ሦስቱ ዜሮዎች

በ1976 ዓ.ም. ጂንካ ውስጥ የቀበሌያችንን የግድግዳ ጋዜጣ የምጽፈው እኔ ነበርኩ። ጋዜጣው መስታወት ባለው ሳጥን ውስጥ ያለ ጥቁር ሰሌዳ ነው። ሥራዬ ጎማ መጠገን፣ ትምህርቴም እስከ ስድስተኛ ክፍል ቢሆንም ፊደል ስለማልገድፍ ቁልፉን ለእኔ ሰጡኝ። ሰው ፊት መናገር አልወድም፤ የምለውን ሁሉ የምለው በዚያ ሳጥን ነበር።

መምህርት ጥሩብርሃን ካዋሰችኝ የሳይንስ መጽሐፍ አንብቤ፣ የፀሐይ እምብርት ሙቀት 15,000,000 ዲግሪ ነው ብዬ በጠመኔ ጻፍኩ። በማግስቱ የቀበሌው ሊቀመንበር ጓድ ተሰማ አስጠሩኝ።

«ኤርጎ፣ ብረት እንኳ የሚቀልጠው በሺህ ተኩል ነው። ምን ነክቶህ ነው? እሑድ በስብሰባው ላይ ግለ ሂስ ታደርጋለህ፤ የመጨረሻዎቹን ሦስት ዜሮዎች በሕዝብ ፊት ትሰርዛለህ፤ አሥራ አምስት ሺህ ይበቃታል። እምቢ ካልክ ቁልፉን ታስረክባለህ።»

እሑድ መንፊያዬን በብብቴ ይዤ፣ የጭነት መኪና ጎማ እያንከባለልኩ ገባሁ።

«ሰዎች፣ ስብሰባውን ሊነፋው ነው!» አለ ሾፌሩ ዳርጌ። አዳራሹ በሳቅ ሞላ።

ጎማውን መሬት ላይ አጋደምኩት። «ግለ ሂስ አላደርግም» አልኩ። ስላልተሰማ ጮክ ብዬ ደገምኩት። «አልተሳሳትኩም።»

«እሺ፣ ያን ሁሉ እሳት ማገዶ የሚያቀብለው ማን ነው?» አሉ ጓድ ተሰማ።

«ማገዶ ቢሆን ኖሮ ድሮ አመድ ሆና ነበር። ፀሐይ ጋዝ ናት። የላዩ ክብደት የውስጡን ይጫነዋል፤ ሲታመቅ ይግላል።»

መንፊያውን ከጎማው ጋር አገናኝቼ ላብ እስኪያጠምቀኝ ነፋሁ። «የመንፊያውን ግርጌ ይንኩት፣ ጓድ።»

ነኩት፤ ወዲያው እጃቸውን ሰበሰቡ። «ይህማ ሲፋተግ ነው የጋለው!»

«እስኪበርድ እንጠብቅ» አልኩ። መቶ ሰው ቁጭ ብሎ የአንድ መንፊያ መብረድ ጠበቀ። ከዚያ ከጎማው ነጥዬ፣ አፉን ክፍት አድርጌ ያንኑ ያህል ነፋሁ። ዳርጌ መጥቶ ነካው።

«ጓድ፣ ይህ እንደ መጀመሪያው አልጋለም» አለ። አሁን አልሳቀም።

«መፋተጉ ያው ነው፤ መታመቁ ነው የቀረው» አልኩ። «ፀሐይ እምብርት ላይ ደግሞ ሙቀቱና እመቃው ከመጠን በላይ ስለሆነ፣ የሃይድሮጅን አስኳሎች ተላትመው ይዋሐዳሉ። አራቱ አንድ ሂሊየም ሲሆኑ ጥቂት ክብደት ይጎድላል፤ የጎደለው ሙቀትና ብርሃን ይሆናል። እሷን ሳትበርድ ያቆያት ይህ ነው። በአሥራ አምስት ሺህ ዲግሪ ግን አይዋሐዱም። ሦስቱን ዜሮ ብሰርዝ ፀሐይን አጠፋኋት ማለት ነው።»

«አሃ! ፀሐይን የምታበራት አንተ ነህ ለካ!» አሉ ጓድ ተሰማ።

«በዚያ ሰሌዳ ላይ፣ አዎን።»

አዳራሹ እንደገና ሳቀ፤ በዚህ ጊዜ ግን በእኔ አልነበረም። ጓድ ተሰማ ፊታቸው ጠቆረ።

«ትሰርዛለህ ወይስ አትሰርዝም?»

«አልሰርዝም።»

እጃቸውን ዘረጉ። ቁልፉን መዳፋቸው ላይ አስቀመጥኩት። ወጥተው ሳጥኑን ከፈቱና ሦስቱን ዜሮ በመሐረባቸው ጠረጉ።

ሰኞ ጠዋት የጎማ ቤቴ ቆርቆሮ በር ላይ 15,000,000 ብዬ በትልቁ ጻፍኩ፤ ከሥሩም ምክንያቱን። ወደ ቀይ አፈር ከተማ የሚወርድ መኪና ሁሉ በዚያ ነው የሚያልፈው። ዳርጌ ፍጥነቱን ቀንሶ በመስኮት አንገቱን አወጣ።

«ኤርጎ! ጎማ መንፋት እንዲህ ተወደደ?»

«ውረድና አንብበው!» ብዬ ጮህኩ።

ወርዶ አነበበ። ጓድ ተሰማም ከሰዓት በኋላ በዚያ አለፉ፤ እሳቸውም ቆመው አነበቡ። መሐረባቸው ኪሳቸው ውስጥ ነበር። እኔ ግን የጻፍኩት በዘይት ቀለም ነው።